ተራራው ሲያነጥስ

ሌሊቱን በሙሉ መጋዘን ጠብቄ፣
ከብረት በር ጋራ አፍጥጬ ተናንቄ፣
ሲነጋ በአውቶቡስ ሮላ እወርድና
በደረጃ እወጣለሁ፤ ሊፍቱ ታሟልና።

ቤታችን አንድ ክፍል፣ አንድ መስኮት ብቻ፤
አልጋው ለእኔ መኝታ፣ ወለሉ ለልጆች መጫወቻ።
ውጭው ሐምሌ ነው፣ አስፋልቱ ይፈላል፣
የሜዳው ሸርተቴ የልጅ ጭን ይልጣል።
ስለዚህ በቤቱ አንድ ሕግ ጸደቀ፦
«አባባ ሲተኛ ድምፅ የሚባል አለቀ።»

ዳኛዋ ሰዓዳ ናት። መጫወቻ ሁሉ ቀርቦ ይመረመራል፤
ምስር በጠርሙስ ውስጥ ሲንሿሿ ተሰምቶ ታስሯል፣
ከበሮ የሆነው የወተት ቆርቆሮ ቁም ሳጥን ላይ ተግዟል።
ነጻ የተለቀቁት የማይጮኹት ናቸው፦
ሊጥ፣ ጥጥ፣ ክር፣ ነጠላ ካልሲዎች፣ ጥንዶቹ የጠፉባቸው።

ዓይኔን ጨፍኛለሁ፤ እንቅልፍ ግን አይመጣም፤
የዘበኛ ጆሮ ቢተኛም አይተኛም።
ሰማሁ ዱቄት ሲፈስ፣ ውኃ ጠብ ጠብ ሲል፣
ራቢያ በሹክሹክታ «ጨውን እኔ ልጨምር» ስትል።
በእርድ ቢጫ ሆነ፣ በቀይ ሥር ቀላ፤
ሙዓዝ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ቀለሙን በላ።
«እንዴት ነው?» አለችው በጆሮው ተንፍሳ፤
«ጨው ጨው ይላል፤ ይቀመጥልኝ ለምሳ።»

ሰዓዳ ከገመዱ መቆንጠጫ ለቀመች፣
ለእያንዳንዱ የሊጥ ቀንድ፣ የጥጥ ጺም አበጀች፤
ዐሥራ አንድ ፍየሎች፣ ሰማያዊና ቀይ፣
አንዷ እግሯ የላላ፣ ቆማ የማትታይ።

«የት ይሰማሩ?» አለች ራቢያ።
«ተራራ ይውጡ» አለች እናት በዘልማድ፤
ልጄ የምታውቀው ግን ለጥ ያለ መንገድ።
«ተራራ ምንድነው? ሕንፃ ነው?» «አይደለም።»
«ስንት ፎቅ ነው ታዲያ?» «ፎቅ የለውም።» «ሊፍትስ?» «የለም።»
«ማን ሠራው?» «አላህ ነው።» «ተበላሽቶ ያውቃል?»
«አያውቅም» አለቻት፤ «ዝም ብሎ ይቆማል።»

በሽፋሽፍቴ ቀዳዳ አየኋት፤ ቃል አጣች፤
ግድግዳውን አየች፣ ጣሪያውን አየች፣
ከዚያ ወደ አልጋው፣ ወደ እኔ ዞረች።
«ያውላችሁ» አለች፣ «የአባታችሁ ጉልበት፣
ከብርድ ልብሱ ሥር ብድግ ያለበት።»

ፍየሎቹ ወጡ። አንደኛው በጭኔ፣
ሌላዋ በሆዴ፣ በደረቴ፣ በጎኔ፤
ሙዓዝ እምብርቴ ጋ ሲደርስ «ጉድጓድ!» አለ ደንግጦ፤
ራቢያ አፉን ያዘችው፤ ሳቁ በጣቶቿ መሃል ወጣ አምልጦ።
ካልሲዎቹ እባብ ሆኑ፣ የእንቁላሉ ካርቶን መንደር፣
ጣሪያ በጣሪያ ላይ ደረቴ ላይ ሲሰደር።

እንዴት ልገላበጥ? ጎኔ ደነዘዘ፣
የግራ እግሬ ጅማት ተኮማትሮ ያዘ።
ሌሊቱን ሙሉ ለቆርቆሮ የቆምሁ
ቀን ደግሞ ለፍየል ተራራ ሆኜ ቀረሁ።
ይህ ሁለተኛ ፈረቃ ደመወዝ የለውም፤
ግን አንዲት ደቂቃ ለማንም አልሸጥም።

ጥጥ ግን ጥጥ ነውና፣ የፍየሏ ጺም
አፍንጫዬ ገባ። ቻልሁ፤ ቻልሁ፤ አልቻልሁም።

አነጠስሁ።

መንደሩ ተናደ፤ ፍየል ዘነበ እንደ በረዶ፤
ካልሲው እባብ መጋረጃው ላይ ተንጠለጠለ ሄዶ።
ሕጉም ተሰበረ። ራቢያ ጮኸች፦
«ተራራው አነጠሰ! እማዬ፣ ተበላሸ!» አለች።
ሙዓዝ ግን «ይማርህ» አለው ጉልበቴን፣
በሊጥ እጁ እያሻሸ ብርድ ልብሴን።
ሰዓዳም ሳቀች፤ ዳኛዋ ራሷ ሕግ አፈረሰች፣
የሁለት ወር ሳቅ በአንድ ትንፋሽ አወጣች።
ከታች ያለው ጎረቤት በመጥረጊያው እንጨት
ጣሪያውን ደበደበ። እኛም መለስንለት።

ማታ ዩኒፎርሜን ለብሼ ልወጣ
ኪሴ ውስጥ አንድ ነገር ቆነጠጠኝ። ሳወጣ፣
ያቺው እግረ ልል ናት፤ ቀንዷ ደርቋል፤
ጺሟ የት እንደሄደ አፍንጫዬ ያውቃል።
መጋዘኑ በር ላይ፣ በመዝገቡ ጠርዝ አቆምኋት፤
ወደቀች። አነሣኋት። ወደቀች። አስደገፍኋት።

ሊነጋጋ ሲል ተቆጣጣሪው መጣ፣ መዝገቡን ገለጠ፤
«ይህ ምንድነው?» «ፍየል» አልሁት። ሳይስቅ አፈጠጠ፤
ፈረመ፤ ሄደ።
እኔም «የገባ፣ የወጣ» ከሚለው መስመር በታች
ጻፍሁ፦ «አንዲት ፍየል፣ ቀንደ ቢጫ፣ በሰላም አድራለች።»